ለአሮጌዋ ሚያታ የታናሽ እህቷን ሾክ መግጠም

እናቴ መኪናዬ ውስጥ የተቀመጠችው አንድ ቀን ነው። መንገዱ ላይ ያለች ትንሽ እብጠት ስናልፍ ከታች "ጓ!" የሚል ድምፅ መጣ። የሁለታችንም ጥርስ ተጋጨ። ዞር ብላ አየችኝና "ልጄ፣ ይሄን ነገር ገንዘብ ከፍለህ ነው የገዛኸው?" አለችኝ።

መኪናዋ የ1991 ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ናት (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። ብዙ ሰው ሚያታ ይላታል። ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ይታጠፋል፣ መብራቷ ሲፈልግ ብቅ ሲፈልግ ጥልቅ ይላል፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ነው። የዚያን ቀኑ ድምፅ ጥፋቱ የእሷ አልነበረም። ገና እንደገዛኋት "ዝቅ ብትል ታምራለች" ብዬ አጫጭር ሞላ ገጥሜባት ነበር። እውነትም አማረች። ቆማ ስትታይ ማለቴ ነው። መንገድ ላይ ስትወጣ ግን ጉድጓድ አይቼ መሪ መጠምዘዝ ሥራዬ ሆነ።

መፍትሔው የተገኘው ከእሷ ቀጥላ ከመጣችው ትውልድ ነው። ሾኩን፣ ሞላውንና የላይኛውን መያዣ ከዚያችኛዋ ወስጄ ለዚህችኛዋ ገጠምኩ። ምንም አልተበየደም፣ ምንም አልተቆረጠም። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። መካኒክ ብትሆኑ በአንድ ቀን ትጨርሱታላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ሁለቱ መኪኖች። ማዝዳ የመጀመሪያዋን ሚያታ ያሳየው በየካቲት 1989 ቺካጎ የመኪና ትርዒት ላይ ነው። እስከ 1997 ድረስ ተሠራች። አድናቂዎቿ በሻሲ ቁጥሯ ፊደላት ኤንኤ ይሏታል። ሁለተኛዋ ከ1998 እስከ 2005 የተሠራችው ኤንቢ ናት። በዓይን መለየት ቀላል ነው፤ የኤንቢ መብራት ብቅ ጥልቅ አይልም። ከላይ ሲያዩአቸው ሌላና ሌላ መኪና ይመስላሉ። ከሥር ገብቶ ላየ ግን እህትማማች ናቸው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት በሁለቱም 2265 ሚሊ ሜትር ነው። አራቱም ጎማ ላይና ታች ድርብ ብራቾ (ጎማውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያያይዝ ክንድ) አለው። ሾኩ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎችም ይገጥማሉ። ለዚህ ነው ሥራው ያለ ብየዳ የሚያልቀው።

ታዲያ ምን ይገኛል? እኔ መጀመሪያ የገመትኩት "አዲስ ሾክ ከአሮጌ ይሻላል" የሚል ነበር። እሱም እውነት ነው። ዋናው ነገር ግን ሾኩ አናት ላይ ያለችው መያዣ ናት።

ሾክ እንዴት እንደሚቀመጥ አስቡት። አካሉ ታች ብራቾው ላይ ይታሰራል። ዘንጉ ወደ ላይ ወጥቶ መያዣው ውስጥ ያልፍና በዳዶ ይጠበቃል። ዘንጉ ላይ ስፖንጅ የመሰለ ጎማ አለ፤ ማስቆሚያ ጎማ ልበለው። ጎማችሁ ወደ ላይ ሲወጣ የሾኩ አካል ዘንጉን ተከትሎ ይወጣና መጨረሻ ላይ ይህን ማስቆሚያ ያገኘዋል። ከዚያ በኋላ ሞላው ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው። የቀረው ድንጋጤ በቀጥታ ወደ ወገባችሁ ይመጣል።

የኤንኤ መያዣ ላስቲኩ ከሥሩ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ማስቆሚያው ቶሎ ይገናኛል። በኤንቢ ላይ የማዝዳ መሐንዲሶች አሠራሩን ቀየሩት። ዘንጉ በሁለት ላስቲክ መሃል ከላይና ከታች ተጨምቆ ይያዛል፤ ከሥሩ ያለው ባዶ ቦታም ጠለቅ ይላል። ሾኩ ከመምታቱ በፊት ተጨማሪ መንገድ አገኘ ማለት ነው። ትንሽ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን ሾኩ ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ስለሚታሰር ሁለቱ እኩል አይሄዱም። በዚህች መኪና ሾኩ 1 ሴንቲ ሜትር ሲጨመቅ ጎማው 1.4 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወጣል። ሾኩ ላይ ያተረፋችሁት እያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ጎማው ላይ በዝቶ ይከፈላችኋል።

እኔ ደግሞ በአጫጭር ሞላዬ ይህንኑ መንገድ ነበር የሰረቅኩት። መኪናዋን ዝቅ ሳደርጋት ማስቆሚያው ላይ ልትቀመጥ ምንም አልቀራትም። እናቴን የመታት እሱ ነው።

ዕቃውን ስትፈልጉ ሙሉውን ውሰዱ። ሾክ፣ ሞላ፣ የላይኛው መያዣ፣ ላስቲኮቹ፣ ራንዴላዎቹ፣ አቧራ መከላከያው፣ ሁሉም ከአንድ መኪና ይሁን። ሻጩ "ሾኩን ከዚህ፣ ሞላውን ከዚያ አሟላልሃለሁ" ቢል እሺ አትበሉ። በኤንቢ ውስጥ ራሱ የተለያየ ሾክ አለ፤ አንዳንዱ ተራ ነው፣ አንዳንዱ ቢልስታይን የተባለው የጀርመን ሾክ አምራች ሥራ ነው። ሞላው የሚያርፍበት ሳህን ከፍታ አንድ ላይሆን ይችላል። ከቀላቀላችሁ መኪናችሁ አንገቷን ደፍታ ወይም ቂጧን ሰቅላ ትቀራለች።

ያገለገለ ሾክ ሲገዛ የማደርገው ፍተሻ አለ። ሁለት እጄን ዘንጉ ላይ አድርጌ መሬት ተደግፌ እጫነዋለሁ። ቢልስታይን ከሆነ አንድ ቱቦ ያለው፣ ውስጡ በግፊት የታመቀ ጋዝ ያለበት ሾክ ነው። (ይህ አሠራር ደ ካርቦን የሚባል ፈረንሳዊ የፈጠረው ነው፤ ቢልስታይን በ1950ዎቹ ከመርሴዲስ ጋር አብሮ ገበያ አወጣው።) ስትለቁት ዘንጉ በራሱ ቀስ ብሎ፣ ሳይቆራረጥ መውጣት አለበት። ተጭናችሁት እዚያው ከቀረ ጋዙ ሄዷል። መሃል ላይ ባዶ የሚመስል ቦታ ካለ፣ ማለትም እጃችሁ ድንገት ከወረደ፣ እሱንም ተዉት። ዘንጉ አንገት ላይ እርጥብ ዘይት ካያችሁ ወሬ አያስፈልግም። አራቱን እርስ በርስ አወዳድሩ፤ የፊቶቹ ሁለቱ እኩል ይግፉ፣ የኋላዎቹም እንዲሁ። እኔ የገዛሁት ስብስብ ውስጥ አንዱ የኋላ ሾክ ደክሞ ነበር። መልሼ አስቀየርኩት። ያንን ሳላደርግ ገጥሜው ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቅዳሜ ሦስተኛ ይወልድ ነበር።

ዕቃው እንደመጣ በወረቀት ፕላስተር "ፊት ግራ"፣ "ኋላ ቀኝ" እያላችሁ ጻፉበት። የፊትና የኋላ ሞላ አንድ አይደለም። ከተፈታ በኋላ "ይሄ የየት ነበር?" ማለት አጉል ነገር ነው።

ከመፍታታችሁ በፊት ለኩ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ነፋስና የጎማ መጠን ያታልላል። የእኔ በአጫጭሩ ሞላ ፊት ለፊት 310 ሚሊ ሜትር ነበር። እንዲህ ዓይነት ልኬት ኋላ ላይ የብራቾ ቡሎን ስታጠብቁ ያስፈልጋችኋል።

ከሥራው ሁለት ሦስት ቀን በፊት ደግሞ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት በየቡሎኑ እርጩ። በየማታው አንዴ። ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይነካ የቆየ ቡሎን በአንድ ጊዜ ልመና አይሰማም። መጀመሪያ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዱ፣ ከዚያ ዘይቱን።

ወደ መፍታቱ እንምጣ። የጎማውን ዳዶዎች መኪናዋ መሬት ላይ እያለች በትንሹ ላላ አድርጉ፤ 21 ቁጥር ቡሶላ ነው። ከፊት በመሃለኛው መስቀለኛ ብረት፣ ከኋላ በዲፈረንሻሉ ሥር በክሪክ አነሳሁ። በክሪክ ላይ ብቻ አትሥሩ፤ ከሥር ስታንድ (መኪና የሚያሳርፍ የብረት ማቆሚያ) ይግባ። ስታንዱን ከፊት ጎማ ኋላ እና ከኋላ ጎማ ፊት ባሉት ጠንካራ ቦታዎች ላይ አሳርፉ። የበሩ ሥር ያለችው ስስ የቆርቆሮ ጠርዝ ሌላ ቦታ ላይ ከተጫናት ትጣጠፋለች። ወዝወዝ አድርጋችሁ ሞክሯት። የምትነቃነቅ ከሆነ ከሥር አትግቡ።

የፊቱ ላይኛ ዳዶዎች ኮፈኑን ስትከፍቱ ይታያሉ፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት፣ 14 ቁጥር። አሁን አትጨርሷቸው፤ በጣት እስኪዞሩ ብቻ። መሃል ያለውን የዘንጉን ዳዶ ግን አትንኩ! እሱ ሞላውን ተጨምቆ የያዘው ነው። ሞላ በቀልድ የሚታይ ነገር አይደለም።

ቀጥሎ የስታብላይዘሩን (ኩርባ ላይ መኪናዋ እንዳታጋድል የግራና የቀኝ ጎማን የሚያያይዘው ዘንግ) ማያያዣ በሁለቱም ጎን ፍቱ። በአንድ ጎን ብቻ ከፈታችሁ የሌላኛው ጎን ጉልበት ብራቾውን ይይዝባችኋል። ይህን ያወቅኩት ግማሽ ሰዓት ከታገልኩ በኋላ ነው። የሾኩ የታችኛው ቡሎን 17 ቁጥር ነው። ከዚያ የላይኛውን ብራቾ ረጅም ቡሎን ፈትቼ ጎትቼ አወጣሁት። ቡሎኑ ወዲያው እሺ አይልም፤ እያዞራችሁ ጎትቱት። ብራቾው ሲለቅ ጎማ ተሸካሚው ወደ ውጭ ይወድቃል። የፍሬን ጎማ ቱቦው እንዳይንጠለጠል በሽቦ እሰሩት። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል፤ የተጎተተ የፍሬን ቱቦ ደግሞ ጉዳቱ በዓይን አይታይም።

ከኋላ ያለው ሥራ ጉልበት ሳይሆን ትዕግሥት ነው። የላይኛዎቹን ዳዶዎች ለማግኘት ዕቃ መጫኛውን ባዶ ማድረግ አለባችሁ። ትርፍ ጎማው ይውጣ፣ የጎኑ ልባስ ይነሳ፣ የነዳጅ መሙያ ቱቦው ሽፋንም ይፈታ፤ አንደኛው ሾክ የተደበቀው እሱ ኋላ ነው። የዚህች መኪና ባትሪም ያለው እዚያው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ነው። ብረት ቡሶላችሁ ሁለቱን ጫፎቹን እንዳያገናኝ አሉታዊውን ገመድ መጀመሪያ አላቅቁ። ከሥር ብራቾ መፍታት አላስፈለገኝም። ወንድሜ የፍሬን ዲስኩን በእግሩ ወደ ታች ሲጫን እኔ ሾኩን አዘንብዬ አወጣሁት። እሱ እስከ ዛሬ "እኔ የሠራሁት መኪና" ይላታል።

አሁን ብዙ ሰው የሚዘለውን፣ እኔ ግን አንድ ሙሉ ከሰዓት የሰጠሁትን ነገር ልንገራችሁ።

አዲሱን ሾክ ያለ ሞላ ገጥሙት። አዎ፣ ያለ ሞላ። ሾክ፣ ማስቆሚያ ጎማ፣ የላይኛው መያዣ ብቻ። ለዚህ ከገዛችሁት ስብስብ ላይ ሞላውን ማውጣት አለባችሁ፤ መጭመቂያው ያስፈልጋል፤ ስለ እሱ ወዲያው እመጣለሁ። ያለ ሞላ ከገጠማችሁት በኋላ ጎማውን መልሱና ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አድርጋችሁ ቀስ እያላችሁ አንሱት። ጎማው ያለ ተቃውሞ ይወጣል። የሾኩ አካል ማስቆሚያውን የነካበትን ቅጽበት በባትሪ መብራት እያያችሁ ያዙት። በዚያ ቦታ ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ለኩ። ከዚያ ትንሽ ጨምራችሁ አንሱ። ጎማው ፓራፋንጎውን ይነካል? መሪውን ወደ ግራና ቀኝ ሙሉ ስታዞሩስ ውስጠኛውን ፕላስቲክ ይፋቃል? የፍሬን ቱቦው ይወጠራል?

ይህን ቁጥር ከመኪናዋ የመቆሚያ ከፍታ ላይ ቀንሱት። የተረፈው ጎማችሁ ሳይመታ የሚንቀሳቀስበት መንገድ ነው። እኔ ለማነጻጸር አሮጌውንም እንዲሁ ለክቼው ነበር። በአጫጭሩ ሞላ የቀረኝ መንገድ ከአንድ ጣቴ ውፍረት አይበልጥም። የቀረውን ሁሉ ማስቆሚያው ላይ ነበር የምነዳው። ሳየው አፈርኩ።

"ማስቆሚያውን ቆርጬ ላሳጥረው፣ መንገድ ይተርፈኛል" የሚል ሐሳብ ይመጣላችኋል። እኔም መጥቶልኛል። ብረት ከብረት ከመጋጨት የሚጠብቃችሁ እሱ ነው፤ ተዉት። ተሰንጥቆ ወይም ተፈርፍሮ ከሆነ በአዲስ ቀይሩት።

ሞላ መጭመቂያው ሁለት ረጃጅም ቡሎኖች ከነመንጠቆአቸው ናቸው። ሞላው ላይ ትይዩ አድርጋችሁ፣ አንዱን በዚህ ሌላውን በዚያ፣ አስቀምጧቸው። ከዚያ ተራ በተራ፣ ይሄኛውን ሁለት ዙር ያኛውን ሁለት ዙር እያላችሁ አጥብቁ። በአየር መፍቻ አትሂዱበት፤ መንጠቆው ሲንሸራተት የምታዩበት ጊዜ አይኖራችሁም። ሞላው መያዣው ውስጥ ሲላላና በእጅ ሲዞር ነው የዘንጉ ዳዶ የሚፈታው። ራሳችሁን ከሞላው ጫፍ አቅጣጫ አታድርጉ። መጭመቂያ የማታምኑ ከሆነ ይህን ክፍል ብቻ ጋራዥ ወስዳችሁ አሠሩት። ምንም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

እዚህ ላይ ጋሼ የምለው አንድ ሽማግሌ መካኒክ እጄን በጊዜ ይዞኛል። የዘንጉ ዳዶ ሲጠብቅ ዘንጉ አብሮ ይዞር ነበር፤ እኔ ፒንሳ አንስቼ ዘንጉን ልይዘው ስል "ተው! ተው ልጄ!" ብሎ ጮኸ። "ምን ችግር አለው ጋሼ? ትንሽ ነው የምይዘው።" "ያቺ ጭረት ጎሚኒውን እንደ ምላጭ ነው የምትበላው። ዘይቱ ከወር በኋላ መሬት ላይ ታገኘዋለህ።" ዘንጉ አናቱ ላይ መያዣ ቅርፅ አለው፤ በእሱ ያዙት። በጨርቅ ጠቅልዬ በፒንሳ እይዘዋለሁ ማለትም አይሆንም።

መልሳችሁ ስትገጣጥሙ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። የሞላው ጫፍ ሳህኑ ላይ ያለችው እርከን ውስጥ ይቀመጥ። የላይኛው መያዣ ሁለቱ ቡሎኖችና የሾኩ የታች ቀዳዳ አቅጣጫቸው ይገጣጠም፤ ከመፍታታችሁ በፊት በቀለም ምልክት ካደረጋችሁ አትቸገሩም፤ ካላደረጋችሁ ግን ሾኩን መኪናው ላይ ስታስገቡ ስትጠመዝዙት ልትውሉ ነው። ሦስተኛው የላስቲኮቹና የራንዴላዎቹ ቅደም ተከተል ነው።

ይህ ሦስተኛው እኔን ሳምንት አሠቃይቶኛል። ኤንቢ መያዣ ላይ ከታች ራንዴላ፣ ላስቲክ፣ መያዣው ራሱ፣ ላስቲክ፣ ራንዴላ፣ ዳዶ ነው ተራው። እኔ በፊት ቀኝ ላይ አንዷን ራንዴላ ገልብጬ አስገባኋት። መኪናዋ ስትነዳ ደህና ነች። ቀስ ብላ ስትሄድ ግን "ቋ፣ ቋ" ትላለች። ቴስቲናው (መጋጠሚያው) ነው አልኩ። ቴስቲናውን ፈተሽኩ፣ ደህና ነው። ስታብላይዘሩ ነው አልኩ። እሱም ደህና ነው። በመጨረሻ ኮፈኑን ከፍቼ እጄን ሾኩ አናት ላይ አድርጌ ወንድሜን መኪናዋን እንዲያናውጣት ጠየቅኩት። ድምፁ መዳፌ ውስጥ ነበር። ስለዚህ ስትፈቱ ፎቶ አንሱ። ስልካችሁ ለዚህም ይሆናል።

ወደ መኪናዋ መግጠሙ የመፍታቱ ግልባጭ ነው፤ ብዙ የምለው የለኝም። አንድ ነገር ብቻ፣ እሱም ከባዱ ነገር።

ብራቾዎቹ የሚዞሩባቸው ቦኮላዎች ውስጣቸው ላስቲክ ነው። ላስቲኩ ከውስጡም ከውጩም ብረት ጋር ተጣብቋል። ብራቾው ሲንቀሳቀስ ላስቲኩ አይንሸራተትም፤ ይጠመዘዛል። መኪናዋ ተሰቅላ፣ ጎማዋ ተንጠልጥሎ እያለ ቡሎኑን ካጠበቃችሁ ላስቲኩ "ቤቴ እዚህ ነው" ብሎ ይቀመጣል። መኪናዋን ስታወርዱ ሁልጊዜ ተጠምዝዞ ይኖራል። ውጤቱ ሁለት ነው፤ መኪናዋ ከፍ ብላ ትቆማለች፣ ቦኮላውም በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። "ሾክ ቀይሬ መኪናዬ ሽቅብ ቀረች" የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ችግራቸው ይሄ ነው።

ስለዚህ ቡሎኖቹን በእጅ አስገቡ፣ ግን አታጥብቁ። ክሪኩን ከታችኛው ብራቾ ሥር አድርጋችሁ መኪናዋ ከስታንዱ ለቀቅ ልትል እስክትል አንሱ። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ለኩ። የመቆሚያ ከፍታዋ ላይ ስትደርስ ያኔ አጥብቁ። የእኔ አዲሱ ከፍታ ፊት ለፊት 345 ሚሊ ሜትር ሆነ። ከበፊቱ 35 ሚሊ ሜትር ወጣች ማለት ነው። ጓደኞቼ "መኪናህ አደገች" ብለው ሳቁብኝ።

የእኔን መኪና የጥገና መጽሐፍ ይዤ የተጠቀምኩበት የማጥበቂያ ልክ ይህ ነው። የላይኛው መያዣ ዳዶዎች ከ29 እስከ 36 ኒውተን ሜትር። የሾኩ የታች ቡሎን ከ73 እስከ 93። የስታብላይዘር ማያያዣ ከ37 እስከ 54። የላይኛው ብራቾ ረጅም ቡሎን ከ118 እስከ 137። የጎማ ዳዶ ከ88 እስከ 118። የእናንተ መኪና ዓመቷ ሌላ ከሆነ የራሷን መጽሐፍ እዩ። የላይኛው መያዣ ዳዶዎች ትንንሽ ስለሆኑ "ትንሽ ልጨምርላት" የሚል ፈተና አለ። ቡሎኗ ብትበጠስ መያዣው እንዳለ ነው የሚቀየረው። የቶርክ ቺያቤ (ምን ያህል እንዳጠበቃችሁ የሚለካ ቁልፍ) ከሌላችሁ ተዋሱ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ሌላ ጥያቄ አለ። "የኤንቢን ብራቾና ጎማ ተሸካሚ ጨምሬ ልግጠም ወይ?" እኔ አልገጠምኩም። ብራቾው፣ መሪው፣ ጎማ ተሸካሚው አንድ ላይ የታሰቡ ናቸው። አንዱን ከነካችሁ ሌላው ይከተላል፤ መኪናዋ እብጠት ላይ ስትወጣ በራሷ መሪ ልትይዝ ትችላለች። ሾክና ሞላ ግን ይህን ጂኦሜትሪ አይነካም። መንገድ ላይ ለሚነዳ ሰው አብዛኛው ጥቅም ያለው ሾክና ሞላው ላይ ነው ባይ ነኝ።

ከፍታዋ ከተቀየረ አላይመንት (የጎማዎቹን አቀማመጥና አቅጣጫ ማስተካከል) ግዴታ ነው። በዚህች መኪና የታችኛዎቹ ብራቾዎች ውስጠኛ ቡሎኖች ከመሃል የወጣ ራንዴላ አላቸው፤ ሲዞሩ ብራቾውን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ይገፉታል። ማስተካከያው እሱ ነው። የእኔ ሁለቱ ቦኮላው ውስጥ ተጣብቀው ነበር። አላይመንት ከመሄዳችሁ በፊት ቤታችሁ ሞክሯቸው፣ ያሉበትንም ቦታ በቀለም አመልክቱ። ባለሙያው ጋ ደርሳችሁ "አልዞር አለ" ከተባላችሁ ቀኑ ተበላ።

ካምበር ጎማው ከላይ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያጋድልበት ልክ ነው፤ ካስተር ጎማው መሪ ሲያዝ የሚዞርበት መስመር ወደ ኋላ የሚያጋድልበት ነው፤ ቶ ደግሞ የጎማዎቹ ፊት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱ ነው። እኔ ያስተካከልኩት እንዲህ ነው። ፊት ለፊት ካምበር ከዜሮ በታች 1 ዲግሪ፣ ካስተር 5 ዲግሪ፣ ቶ ዜሮ። ከኋላ ካምበር ከዜሮ በታች 1.5 ዲግሪ፣ ቶ በድምሩ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። ከኋላ ቶ ወደ ውጭ እንዳይሆን አጥብቃችሁ ጠይቁ። ቀላል መኪና ናት፣ የምትገፋውም ከኋላ ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ ቂጧ ይቀድማችኋል። ሲለካ ደግሞ የእናንተን ክብደት የሚያህል ነገር ሹፌሩ ወንበር ላይ አስቀምጡ። አንድ ቶን ገደማ ለምትመዝን መኪና አንድ ሰው ብዙ ነው።

የመጀመሪያው ቀን እብጠቷን ፈልጌ ሄድኩ። እናቴን ያስደነገጠችውን። በዚያው ፍጥነት አለፍኳት። መኪናዋ ወጣች፣ ወረደች፣ ጸጥ አለች። መሪው ትንሽ እንኳ አልተወዘወዘም። ከሁሉ የገረመኝ ግን ኩርባ ላይ ነው። በፊት ኩርባ መሃል መንገዱ ከተበላሸ ጎማው ማስቆሚያውን ይመታና ይዘልል ነበር፤ መኪናዋ ወደ ጎን ትዘረጋ ነበር። አሁን ጎማው መሬቱን ይዞ ይቆያል። ከፍ ብላ ፈጠነች። እንዴት ብዬ ለጓደኞቼ እንደማስረዳ አላውቅም፤ አሁንም ዝቅ ያለች መኪና ፈጣን ናት ይላሉ።

የሾኩ መንገድ መብቃቱን ለማረጋገጥ ርካሽ ዘዴ አለ። አቧራ መከላከያውን ከፍ አድርጋችሁ ዘንጉ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ። ጠበቅ ያለች፣ ግን በጣት የምትገፋ። ወደ ታች ገፍታችሁ የሾኩ አካል ጋ አስጠጓት። ከዚያ የተለመደውን መንገዳችሁን ሳምንት ንዱ። ማሰሪያዋ ዘንጉ ላይ የቆመችበት ቦታ ሾኩ የደረሰበት ትልቁ መጨመቅ ነው። ማስቆሚያው ጋ ተጣብቃ ካገኛችኋት እየመታችሁ ነው። የእኔ የፊቶቹ 9 ሚሊ ሜትር ቀርቷቸው ቆሙ። ዕቃ ጭኜ፣ ወንድሜን አስቀምጬ ስነዳ 4 ደረሰ። በቃኝ።

የፊቱ ከፍታ ስለተቀየረ መብራቱንም አስተካክሉ። እኔ ረስቼው ማታ ከፊቴ የሚመጣ ሁሉ ብልጭ ሲያደርግብኝ ሰላምታ መስሎኝ ነበር። ከ100 ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላም ጎማውን አንስታችሁ የፍሬን ቱቦው የትም እንዳይፋቅ እዩ፣ ዳዶዎቹን በቶርክ ቺያቤ እንደገና ሞክሩ። የእኔ ሁሉም ጸንተው ነበር፤ ከኋላ፣ ከነዳጅ ቱቦው አጠገብ ያለችው አንዷ ብቻ ሩብ ዙር ተቀበለች።